ከትንሿ የጉዞ ራውተሬ ጋር 8 ወር፦ ትክክለኛውን ሞድ እስካገኝ

ስራዬ ኦዲት ስለሆነ በወር ቢያንስ አንድ ሳምንት ክፍለ ሀገር ነኝ፣ ደሴ ጅማ ሀዋሳ እያልኩ ከሆቴል ሆቴል ነው የምዞረው። ቲፒ ሊንክ 802 የምትባለዋን መዳፍ ውስጥ የምትገባ ራውተር ከገዛሁ 8 ወር ሞላኝ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን አስቀድሜ ልመልስ፣ ሲም አይገባባትም። የራሷ ኢንተርኔት የላትም፣ ያለውን ተቀብላ ነው የምታከፋፍለው።

5 ሞድ (የአሰራር አይነት) አላት፤ ራውተር፣ አክሰስ ፖይንት፣ ሬንጅ ኤክስቴንደር፣ ሆትስፖት እና ክላይንት። እኔ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ኤክስቴንደር ላይ ብቻ ነበር የተጠቀምኳት፣ ሲግናል ደካማ ነው ስለዚህ ማጠናከሪያ ነው የሚያስፈልገኝ ብዬ። አንድ ሆቴል ውስጥ ግን በአንድ ኮድ ሁለት እቃ ብቻ ነበር የሚገባው፣ ስልኬና ላፕቶፔ ገቡ የባልደረባዬ ላፕቶፕ ግን እምቢ አለ፣ ራውተሯን ደጋግሜ ሪሴት ባደርጋት ለውጥ የለም። ለካ ኤክስቴንደር ሲግናሉን ወደፊት ያሳልፋል እንጂ አድራሻ (አይፒ፣ እቃው ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ለእያንዳንዱ እቃ የሚሰጠው የሆቴሉ ሲስተም ራሱ ነው፣ ስለዚህ ሶስቱንም እቃ ለየብቻ ነበር የሚቆጥረው። ሪሴፕሽን አስፈቅጄ ወደ ሆትስፖት ቀየርኩት። አሁን ከሆቴሉ ጋር የምትገናኘው እሷ ብቻ ናት፣ ከስሯ ላለነው አድራሻ የምትሰጠውም እሷ ናት፣ የሎግኢን ገጹን አንዴ በስልኬ ሞላሁት ሁላችንም ገባን። ከዛ ወዲህ ሆቴል ስገባ ሌላ ሞድ አልነካም። አንዳንድ ሆቴል ግን እንደሷ 192.168.0.1 የሚለውን አድራሻ ይጠቀምና ይጋጫል፣ ያኔ የሷን ወደ 192.168.50.1 ቀይሩት።

በገመድ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ቢሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ኬብል ሰክቼ በራውተር ሞድ ስሰራ ኢንተርኔቱ አለ፣ የቢሮው ፕሪንተር ግን ሊስቱ ላይ አይወጣም፣ ግማሽ ቀን ሄደብኝ። ራውተር ሞድ የራሱን ትንሽ ኔትወርክ ስለሚሰራ ፕሪንተሩ በወዲያኛው ወገን ቀርቶ ነው። አክሰስ ፖይንት ሳደርጋት ወዲያው ወጣ፣ ምክንያቱም እዛ ጋ አድራሻ የሚሰጠው የቢሮው ራውተር ነው። (የቢሮውን አይቲ ሳታስፈቅዱ ግን ምንም አትሰኩ፣ አደራ።)

እና ሞድ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በገመድ ነው በአየር? አድራሻ የሚሰጠውስ ማነው? ይሄን ማንም ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ አልደክምም ነበር።

ፍጥነቷን በተመለከተ፣ ያላት የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው፣ ፈጣኑን 5 ጊጋ ኸርዝ አታይም። በዛ ላይ በአየር ተቀብላ በአየር ስትሰጥ አንዱን ሬዲዮ ለሁለቱም ስለምትጠቀም ፍጥነቱ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ ለኢሜልና ለሪፖርት በቂ ነው፣ ትልቅ ፋይል ለሚያወርድ ግን 5 ጊጋ ያለውን ሌላውን የቲፒ ሊንክ ራውተር፣ 902ን ይፈልግ።

በጣም የምወድላት በፓወር ባንክ መስራቷን ነው። የምትፈልገው 5 ቮልት 1 አምፔር ነው፣ ስለዚህ ሶኬት ያለበት ጥግ ሳትታሰር ኮሪደሩ በር ስር፣ የሆቴሉ ሲግናል የሚደርስበት ቦታ ላይ አስቀምጣታለሁ። የላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ ስትሰኳት ግን ተጠንቀቁ፣ ሃይሉ ካነሳት እየጠፋች ልትነሳ ትችላለች።

ክላይንት ሞድን ለረጅም ጊዜ ለማን ይሆናል እያልኩ አልፌው ነበር። ባለፈው ወር ግን የሂሳብ ሶፍትዌሩ ያለበት አሮጌ ዴስክቶፕ ዋይፋይ የለውም፣ የግድግዳው ኬብልም ተበጥሷል፣ እሷን ክላይንት አድርጌ ዋይፋዩን በአየር እንድትቀበል፣ በአጭር ገመድ ደግሞ ለዴስክቶፑ እንድትሰጥ አደረኩ። የዛን ቀን ፋይሎቹ የተላኩት በሷ ነው።