ኒንቴንዶ ስዊች ለባሕር ዳር ገዢ፦ ጌሞቹን ማን ቆለፋቸው? የትኛውስ ማሽን ይሻላል?

ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ልጅ ስዊች (በእጅም በቲቪም የሚጫወቱበት የኒንቴንዶ ጌም ማሽን) እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፊፋ አለው?» ብሎ ነው። አለው። ለኳስ ብቻ ከሆነ ግን ስዊች አትግዙ። ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 ለስዊች የወጡት «ሌጋሲ ኤዲሽን» የሚባሉት ናቸው፤ የተጫዋቹ ስምና ማሊያው ተቀየረ እንጂ ጌሙ ያው የድሮው ነው። በ2023 ፊፋ ስሙን ቀይሮ ኤፍሲ 24 ተብሎ ሲወጣ ነገሩ ተሻሻለ፣ ያም ቢሆን ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ካለው ጋር አይወዳደርም። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በኋላ ከምንጠቅሰው ሐምሌ 2016 በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስዊች የሚገዛው ሌላ ቦታ ለማይገኘው ነገር ነው፤ ለማሪዮ ካርት፣ ለዜልዳ፣ ለፖኬሞን። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ስለ ቁልፉ፣ ማለትም ጌም በአንድ ማሽን ላይ ብቻ እንዲገኝ ስለሚያደርገው ነገር፣ እናውራ። ጌሙን ማን እንደቆለፈው ያወቀ ገዢ የትኛውን ዛሬ መግዛት፣ የትኛውን ደግሞ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል።

የመጀመሪያው ዓይነት ቁልፍ የባለቤትነት ነው፤ ማሪዮ ካርት የኒንቴንዶ የራሱ ንብረት ነው። ሌላ ማሽን ላይ ቢሸጠው ለመደብሩ ባለቤት ይከፍላል፤ በዘርፉ የተለመደው ድርሻ 30 በመቶ ነው፣ ከ100 ብር ጌም 30 ብሩ ማለት ነው። በራሱ ማሽን ሲሸጠው ይህ ክፍያ የለበትም። እንዲያውም ለማሪዮ ብሎ ስዊች የገዛ ሰው ነገ የሌላ ድርጅት ጌም ሲገዛ ከዚያም ላይ ኒንቴንዶ ድርሻውን ይቆርጣል። ፖኬሞንም እንደዚሁ ነው፤ ባለቤቶቹ ኒንቴንዶ፣ ጌም ፍሪክና ክሪቸርስ ሦስቱ በጋራ ናቸው፣ ከ1996 ጀምሮ ዋናዎቹ ጌሞች ከኒንቴንዶ ማሽን ወጥተው አያውቁም። እነዚህን ነገ ኮምፒውተር ላይ ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ዓይነት ገንዘቡን የማሽኑ ባለቤት የሰጠበት ነው። ባዮኔታ የምትባለው ጌም የሴጋ ድርጅት ናት፤ የመጀመሪያዋ በ2009 ፕሌይስቴሽን 3 እና ኤክስቦክስ 360 ላይ ነበር የወጣችው። ሁለተኛዋን ለመሥራት ወጪውን የሸፈነው ኒንቴንዶ ሆነ፣ በ2014 ለዊ ዩ (ከስዊች በፊት ለነበረው የኒንቴንዶ ማሽን) ብቻ ወጣች፣ በኋላም ወደ ስዊች ተሻገረች። ሦስተኛዋም በ2022 ስዊች ላይ ብቻ። ብዙ ተጫዋች «ከእኛ ነጠቁን» ይላል፤ ኒንቴንዶ ባይከፍል ኖሮ ግን ሁለተኛዋ መሠራቷም ያጠራጥር ነበር።

ሦስተኛው በጊዜ የተቆለፈ ነው፣ ገዢው በብዛት የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ሞንስተር ሀንተር ራይዝ በመጋቢት 2021 ለስዊች ወጣ፣ በጥር 2022 ኮምፒውተር ላይ ደረሰ፣ በጥር 2023 ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ላይ። ኦክቶፓዝ ትራቨለርም በ2018 ስዊች ላይ ወጥቶ በዓመቱ ኮምፒውተር ላይ ተገኘ። የምትመኟቸው ጌሞች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ከሆኑና ቤት ውስጥ ደህና ላፕቶፕ ካለ፣ ስዊች መግዛቱ አያስፈልግም፤ ታገሡ።

እንዴት ይለያል? ሳጥኑን ገልብጡና ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የመብት ባለቤቱ ኒንቴንዶ ብቻ ከሆነ ጌሙ ወደ ሌላ ማሽን አይወጣም። የሌላ ድርጅት ስም ኖሮ አሳታሚው ኒንቴንዶ ከሆነ ምናልባት የተከፈለበት ነው፣ በቶሎ አይወጣም። ኒንቴንዶ እንደ ባለቤትም እንደ አሳታሚም ካልተጠቀሰ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

አሳታሚው በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ለመሸጥ ለምን እሺ ይላል? ብዙ ገዢ እያጣ አይደለም ወይ? ያጣል፣ ግን የሚያገኘውም ቀላል አይደለም። ጌሙ ባይሸጥ እንኳ የማይመለስ ቅድሚያ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ኒንቴንዶ በራሱ ማስታወቂያ ያሳይለታል፣ ለመካከለኛ ድርጅት ይህ ከገንዘቡ ሊበልጥ ይችላል። ሥራውም ይቀላል፦ ስዊች አንድ ቺፕ፣ ቴግራ ኤክስ 1፣ እና 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ማሽን ነው፤ እዚህ ላይ ከሠራ ሁሉም ቤት ይሠራል። በእያንዳንዱ አዲስ ማሽን ላይ ለማውጣት እንደገና ማስተካከል፣ እንደገና መፈተሽ፣ የባለቤቱን የማጽደቂያ ፈተና እንደገና ማለፍ ያስፈልጋል። ፈተናውን የወደቀ ጌም ታርሞ ዳግም ይገባል፣ የሚወጣበት ቀንም ይገፋል።

ይህ ቁልፍ አንድን ማሽን ሊያነሣም ሊጥልም እንደሚችል በ2011 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ታይቷል። ሞንስተር ሀንተር የሶኒን የእጅ ማሽን፣ ፒኤስፒን፣ ያስሸጠ ጌም ነበር። የኒንቴንዶ የእጅ ማሽን 3ዲኤስ መጀመሪያ ገበያ አጥቶ በነሐሴ 2011 አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ከ249.99 ወደ 169.99 ዶላር ወርዶ ነበር። ከዚያ በታኅሣሥ 10 ሞንስተር ሀንተር 3ዲኤስ ላይ ወጣ፤ የሶኒ አዲሱ ቪታ የተለቀቀው ልክ በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 17 ነው። ቪታ ስክሪኑም ጉልበቱም የተሻለ ማሽን ነበር። ግን የራሱን ውድ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ይቀበላል፣ ያ ጌምም አልነበረውም። በ2019 ምርቱ ቆመ። ስለዚህ ማሽን ስትመርጡ ከስክሪኑ በፊት የጌሙን ዝርዝር እዩ።

አሁን ወደ ማሽኑ። የመጀመሪያው ስዊች በ2017 በ299.99 ዶላር ወጣ፣ ላይት የሚባለው ትንሹ በ2019 በ199.99፣ ኦሌድ የሚባለው ስክሪኑ የተሻለው በ2021 በ349.99፣ ስዊች 2 በሰኔ 2025 በ449.99። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ የሚወሰን በመሆኑ የብር ዋጋ እዚህ መጻፍ ገዢን ማሳሳት ነው፤ የወቅቱን የዶላር ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ አባዙትና ነጋዴው ስንት እንደጨመረ ራሳችሁ ድረሱበት።

ለባሕር ዳር ምርጫችን ኦሌዱ ነው፣ አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ከ2019 አጋማሽ በኋላ የተሠራው መደበኛ ስዊች። ምክንያቱ መብራት ነው። በኒንቴንዶ መረጃ መሠረት ዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ በ2017ቱ ማሽን 3 ሰዓት ያህል ይጫወታል፣ በታደሰውና በኦሌዱ 5 ሰዓት ተኩል፣ በላይቱ 4 ሰዓት። መብራት ከሰዓት ሄዶ ማታ በሚመጣበት ቀን ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሁለቱ መደበኛ ስዊቾች መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት ከታች ባለው ሲሪያል ቁጥር ነው፦ የድሮው «ኤክስ ኤ» ብሎ ይጀምራል፣ የታደሰው «ኤክስ ኬ»። የታደሰው ሳጥን ፊቱ ሙሉ ቀይ ነው። ሳጥን ግን ይቀየራልና ቁጥሩን እመኑ።

ላይት ርካሽና ቀላል ነው። ነገር ግን ከቲቪ ጋር አይገናኝም፣ ጆይስቲኩም አይነቀልም። ወንድምና እህት ላለበት ቤት አይሆንም።

ስዊች 2 ባለ 7.9 ኢንች ስክሪንና 256 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው፣ አብዛኞቹን የድሮ ካርዶች የሚቀበል ጎበዝ ማሽን ነው፤ እኛ አገር ላይ ግን አንድ ከባድ ችግር አለበት። የጌም ካርዱን የሚያመርተው ኒንቴንዶ ነው፣ አሳታሚው አስቀድሞ ያዝዛል፣ ይከፍላል፤ የካርዱ መጠን ሲጨምር ወጪውም ይጨምራል። ስለዚህ ብዙ አሳታሚዎች «ጌም ኪ ካርድ» የሚባለውን መረጡ። ካርዱ ውስጥ ጌም የለም፣ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ ጌሙ በኢንተርኔት ይወርዳል፣ ስትጫወቱም ካርዱ መሰካት አለበት። በሞባይል ዳታ 50 ጊጋባይት ለሚያወርድ ሰው ይህ ሁለተኛ ዋጋ ነው። ምልክቱ ሳጥኑ ፊት ለፊት ከታች በኩል አለ፤ ሳታዩ አትክፈሉ። ማሪዮ ካርት ወርልድና ሳይበርፐንክ 2077 ሙሉው ጌም ካርዱ ላይ ነው፣ ሳይበርፐንክ 64 ጊጋባይት ካርድ ይዞ መጥቷል። በተረፈ ስዊች 2 ለጌም የሚቀበለው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ሚሞሪ ካርድ ብቻ ስለሆነ የስልክ ሚሞሪ ካርድ አይሠራለትም።

ያገለገለ ስትገዙ ቀበሌ 14 ያለ ሱቅም ይሁን የቴሌግራም ሻጭ፣ ገንዘብ ሳትሰጡ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ተገናኙ። ኢሾፑን (የኒንቴንዶን የኢንተርኔት መደብር) ክፈቱ፤ ማሽኑ ከኦንላይን የታገደ ከሆነ እዚያ ላይ ስህተት ይሰጣል። ሻጩ አካውንቱን አውጥቶ ማሽኑን ከሲስተም ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፎርማቲንግ ኦፕሽንስ ውስጥ «ኢኒሻላይዝ» ያድርገው፣ ማለትም ሁሉን ያጥፋው። ካርድ አስገብታችሁ አስነሡ፣ ሁለቱን ጆይስቲክ ነቅላችሁ መልሱ፣ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ እዩ። ኦሪጅናል ቻርጀሩ ከአሜሪካ የመጣ ቢሆንም ጽሑፉ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ በእኛ 220 ይሠራል፣ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ማሽኑን ከቲቪ የሚያገናኘው መቀመጫ፣ ዶኩ፣ ግን 15 ቮልት ይፈልጋል፤ በስልክ ቻርጀር ቲቪ ላይ ምስል ካልመጣ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የስዊች ዋና በሽታ የአናሎግ (በአውራ ጣት የሚዞረው ዱላ) ድሪፍት ነው፤ ማንም ሳይነካው ገጸ ባሕሪው በራሱ ይሄዳል። አናሎጉ ሥር ያለው የካርቦን ንጣፍ በብረት ምላስ እየተፋቀ ያልቃል፣ ብናኙም እዚያው ይቀራል። ለመፈተሽ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ኮንትሮለርስ ኤንድ ሴንሰርስ፣ ካሊብሬት ኮንትሮል ስቲክስ ግቡና አናሎጉን ወደ ታች ተጫኑት። ስክሪኑ ላይ ክብ ይወጣል፤ አንድ ዙር አዙሩትና ድንገት ልቀቁት። ነጥቡ መሀል ካልተመለሰ ዋጋ አስቀንሱ። ማጽጃ ስፕሬይ ለጥቂት ሳምንት ያሽለዋል፣ ያለቀውን ንጣፍ ግን አይመልስም።

መድኃኒቱ አናሎጉን መለወጥ ነው፣ ጎበዝ ሞባይል ጠጋኝ ይሠራዋል። የጆይስቲኩ ጀርባ ላይ ያሉት አራት ብሎኖች ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው፤ በተራ ካቻቢቴ የታገለ ሰው ጥርሳቸውን ይበላቸዋል። ከዚያ ጀርባውን በኃይል መጎተት አይገባም፣ በሁለቱ ግማሾች መካከል ቀጫጭን ሪባን ኬብሎች አሉ፤ እንደ መጽሐፍ ቀስ ብሎ መግለጥ ነው። መጀመሪያ የባትሪው ሶኬት ይነቀላል። አናሎጉን የያዙት ሁለት ደቃቅ ብሎኖች ናቸው፣ የኬብሉን መያዣ በጥፍር ብድግ አድርጎ ማውጣት ይበቃል። ሲገዛ «ሆል ኢፌክት» የሚባለው በማግኔት ስለሚሠራና የሚፋቅ ነገር ስለሌለው ይመረጣል። ላይት ላይ ግን ለዚሁ ሥራ ዋናው ማሽን ራሱ መከፈት አለበት፤ ላይትን የማንመክርበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ኒንቴንዶ ማሽኑ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንዲሠራ ይላል። በሚያዝያ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ባጃጅ ውስጥ የተተወ ስዊች ከዚያ ያልፋል። አናቱ ላይ ያለው የአየር መውጫ በጨርቅ አይሸፈን። ጣና ዳር ጥላ ሥር ኦሌዱ ጥሩ ይታያል፣ ፀሐይ ላይ ግን የትኛውም ስዊች መስታወት ይሆናል። ማታ የስክሪኑ ብርሃን ትንኝ ይጠራል፣ ትንኙም በአየር መውጫው ይገባል። ወደ ዘጌ በጀልባ የሚወስደው ካለ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ይያዘው፤ ማሽኑ ውኃ አይችልም።

ኢትዮጵያ ኢሾፕ ባለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አካውንት ሲከፈት የሌላ አገር መደብር ይመረጣል፣ የስጦታ ካርዱም ከዚያው አገር መሆን አለበት፤ የአሜሪካ አካውንት ላይ የእንግሊዝ ካርድ አይገባም። ቀሪ ሒሳብ እያለ አገር መቀየርም አይቻልም። የፕላስቲኩ የጌም ካርድ ግን በአብዛኛው ከየትም ይምጣ ይሠራል፣ ጌም ኪ ካርድ ካልሆነም ኢንተርኔት ሳይኖር ይነሣል። ለዚህ ነው ባሕር ዳር ላይ ካርድ ግዙ የምንለው። ካርዱ ሕፃናት እንዳይውጡት መራራ ቅብ አለው፤ ትንሽ ልጅ ፊቱን ቢያጨማድድ አትደንግጡ፣ ካርዱን ግን ቀሙት።

ኔትወርክ በሌለበት ቀን የስዊች ጥቅም ይታያል። ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ በአንድ ማሽን እስከ 4 ሰው በተከፈለ ስክሪን ያጫውታል፤ ሁለቱን ጆይስቲክ አንድ አንድ ተካፍሎ በጎን በመያዝ ሁለት ሰው ያለ ተጨማሪ ወጪ ይጫወታል። ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ዶርም ውስጥ እስከ 8 ማሽን ያለ ኢንተርኔት እርስ በርሱ ይገናኛል፣ እያንዳንዱ የየራሱ ጌም ካለው።

የኒንቴንዶ የራሱ ጌሞች ሌላ ቦታ ስለማይገኙ ያገለገለ ካርዳቸው እንኳ ዋጋው ብዙም አይወርድም፤ ገዝቶ ጨርሶ መሸጥ ወይም ከጓደኛ ጋር መለዋወጥ ያዋጣል። ካርዱን ስትሸጡ የደረሳችሁበት ደረጃ ማሽኑ ውስጥ ይቀራል፣ ሚሞሪ ካርዱ ላይም አይደለም። ማሽኑን ራሱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ግን «ኢኒሻላይዝ» ከማድረጉ በፊት ሴቩን (የደረሰበትን ደረጃ) ወደ አዲሱ ማሽን ያሻግር፤ ለዚህም ሁለቱ ማሽኖች አጠገብ ለአጠገብ፣ ሁለቱም ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው።