ሙታንን ለመመለስ፦ ምድጃው ወይስ ጥሪው?

ጥንታዊ ቻይናን በሚመስል የምናብ ዓለም ውስጥ፣ እናቱንና እህቱን ከሞት ሊመልስ የተነሳ አንድ ወጣት አልኬሚስት (ከማዕድን ተአምራዊ መድኃኒት ለመሥራት የሚሞክር ሰው) አለ እንበል። ታሪኩን ለሚጽፍ ሰው የቻይና ትውፊት ሁለት መንገድ ያቀርብለታል።

አንዱ ምድጃ ነው። ሲናባር የተባለው ቀይ ማዕድን ሲሞቅ ብር የሚመስል ባዜቃ (ሜርኩሪ) ይወጣዋል። ባዜቃው ደግሞ ተመልሶ ቀይ ሊሆን ይችላል። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቻይናዊው አልኬሚስት ጌ ሆንግ ስለዚህ መመላለስ ጽፏል። ድንጋይ እንዲህ ከተመለሰ፣ ሰውስ ለምን አይመለስ? ጌ ሆንግ በድንገት ሞተው ሦስት ቀን ላልሞላቸው የሚሆን ክኒንም ይጠቅሳል። የሬሳው አፍ ተከፍቶ በውሃ ይሰጠዋል። የነቁት ሁሉ የሚጠራቸው መልእክተኛ አየን ይላሉ። ችግሩ ባዜቃ መርዝ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት የቻይናን የታንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ሳይቀር ጎድቷል።

ሌላው ጥሪ ነው። በጥንቱ ሥርዓት አንድ ሰው የሟቹን ልብስ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ወደ ሰሜን ዞሮ ሟቹን ተመለስ እያለ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ልብሱን አውርዶ ሬሳው ላይ ያለብሳል። መልስ ከሌለ ቀብሩ ይሰናዳል።

እኔን ጥሪው አንጀቴን ይበላኛል። ወጪ የለውም፣ መርዝ የለውም፣ ፍቅር ብቻ ነው። ለታሪክ ግን ምድጃው ይበልጣል፤ የሦስት ቀን ገደብ አለው፣ ወጣቱን ያስሮጠዋል። እኔ ብጽፈው ልጁን መጀመሪያ ጣሪያ ላይ አወጣዋለሁ። ጥሪው ሲከሽፍበት ወደ ሲናባሩ ይሮጣል፤ ያኔ አንዱ ቀን አልፏል።