«የዲከንስ ደብዳቤ» ሲሏችሁ ኪሳችሁን ያዙ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ደሜ እንደፈላ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ነጭ ጓንት፣ የቆዳ ማህደር፣ ዝግ ያለ ድምፅ። «ቤተሰቡ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም።» «ሌላም ሰው ዓይኑን ጥሎበታል።» በዚያ ላይ የትክክለኛነት ምስክር ወረቀት፤ ፈራሚው ራሱ ሻጩ! ይህን ሁሉ እያየሁ ነው የከፈልኩት።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ለወዳጁ የጻፈው ደብዳቤ ነው ተባለ። ከፊርማው ሥር ያ የታወቀው ጥምዝምዝ መስመር አለ። ልቤ ጠፋ። በእሱ ዘመን እየተነከረ ይጻፍበት የነበረው ብዕር ቀለሙ ይሳሳል፣ እንደገና ሲነከር ይደምቃል። የእኔው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። አይቼዋለሁ እኮ! «እጁ የረጋ ሰው ነበር» ብዬ እኔው ተረጎምኩለት።

ትናንት ማታ አንድ ወዳጄ መብራቱን አጥፍቶ የአልትራቫዮሌት ባትሪ አበራበት። ወረቀቱ ቦግ አለ፤ ሰማያዊ ነጭ፣ እንደ አዲስ ሸሚዝ። እንዲህ የሚያበራው ማንጫ ኬሚካል ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ነው። ዲከንስ የሞተው በ1870። ወዳጄ ምንም አላለም። ባትሪውን አጠፋ። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየን።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ደብዳቤውን አልነካውም። ደረሰኙን ብቻ ገልብጦ በጣቱ አሳየኝ፤ በደቃቅ ፊደል «እንደታየ ተሽጧል» ይላል። «እርስዎ እኮ ደስ ብሎዎት ነው የወሰዱት» አለኝ፣ በትህትና። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞሮ «ጓንቱን አስቀምጪው፣ አያስፈልግም» አላት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ያ ጓንት ነው። ስገዛ ለእኔም አጥልቆልኝ ነበር። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ለወረቀት ከጓንት ይልቅ ንጹህ እጅ እንደሚመርጡ አውቃለሁ። አውቄም እጄን ዘረጋሁለት።

ሚሼል ሻል የተባለ ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ በ1860ዎቹ የጥንቷን የግብፅ ንግሥት የክሊዮፓትራን ደብዳቤ ገዝቷል፤ በፈረንሳይኛ የተጻፈ! ስስቅበት ኖሬያለሁ። አሁን ወንድሜ ነው።

ለማንኛውም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ባትሪ አብሩበት። ባይበራም አትመኑ፤ አጭበርባሪ ከድሮ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ይገነጥላል። በማጉያ መነጽር የህትመት ነጠብጣብ ፈልጉ፤ ካለ በእጅ የተጻፈ ሳይሆን የታተመ ቅጂ ነው። ከማን እጅ ወደ ማን እንዳለፈ የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ። ሐሰት ከሆነ ገንዘቡን እንደሚመልስ በጽሁፍ ካልሰጣችሁ ውጡ።

እኔ ጠበቃ ልፈልግ።