ጤነኛ ጥርስ አልነቅልም ላሉት የጥርስ ሐኪም ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የእናቴን የፊት ሕመም ምንነት አስቀድመው ለጠረጠሩት የጥርስ ሐኪም፣ ጥርጣሬያቸውን ተከትለውም በሽታውን አረጋግጠው ሕክምና ለጀመሩላት የነርቭ ስፔሻሊስት ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ለማቅረብና፣ በተመሳሳይ ሥቃይ ውስጥ ላላችሁ ቤተሰቦች ጥቆማ ለመስጠት ነው።

እናቴ ለዓመታት በቀኝ ጉንጯና በላይኛው መንጋጋዋ በኩል እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ሲያሠቃያት ኖሯል። ሕመሙ የሚቆየው ለሰከንዶች ቢሆንም በቀን ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመለስባት፣ ፊቷን መታጠብ፣ ጥርሷን መፋቅና እንጀራ ማኘክ ሳይቀር የሚያስፈራት ነገር ሆነ። ከሁሉ የከበዳት ግን ሰላምታ ነበር። ለቅሶ ቤት ሰው ሊስማት ሲጠጋ ነጠላዋን ጉንጯ ላይ ይዛ ወደ ኋላ ስለምትል፣ ምክንያቱን የማያውቁ ዘመዶች ተቀየሟት፤ እርሷም ቀስ በቀስ ከሰው ራቀች።

ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሽቶላታል፤ ሳይነስ ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዞላታል። ጸበል ስትጠመቅ ውኃው ፊቷን ሲነካው ትጮህ ስለነበር ጩኸቷን በሌላ የተረጎሙባት ሰዎችም ነበሩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በአንድ ክሊኒክ ደግሞ የመንጋጋ ጥርሶቿ በየተራ ተነቀሉ፣ ሕመሙ ግን ባለበት ቀረ።

ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ የግል ክሊኒክ ወደሚሠሩት ሐኪም የሄድነው እናቴ ራሷ ቀጣዩ ጥርስ እንዲነቀልላት ስለለመነች ነው። ዶክተሯ ራጅ አንስተው፣ ጥርሶቿን አንድ በአንድ መታ መታ አድርገው ካዩ በኋላ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቃትን ጠየቋት፦ ሕመሙ ሲነሣ ምን ያህል ይቆያል? ምን ሲነካሽ ይጀምራል? ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? ከዚያም በጥጥ ጫፍ የአፍንጫዋን ጥግ በቀስታ ነካ ሲያደርጉ እናቴ የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ያዘች። «እማማ፣ ይህ ጤነኛ ጥርስ ነው፤ አልነቅለውም» አሏትና ለነርቭ ሐኪም የሪፈር ወረቀት ጻፉልን። ነቅለው ገንዘባቸውን መቀበል ይችሉ ነበር።

የነርቭ ስፔሻሊስቱ በሽታው ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ እንደሚባል ነገሩን። የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሦስት ቅርንጫፎች አሉት፤ መካከለኛውና የታችኛው ወደ ጥርሶችም ስለሚደርሱ ሕመሙ ከጥርስ የመጣ ይመስላል። እናቴ «ሰው ሁሉ አእምሮዋ ነው ይለኛል» ስትላቸው፣ ጆን ፎዘርጊል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህንኑ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1773 በዝርዝር እንደገለጸው ነግረው አጽናኗት። በኤምአርአይ ሲታይ ዕጢ አልተገኘም፤ አንድ የደም ሥር ግን ነርቩን ከሥሩ ተጭኖት ነበር።

የታዘዘላት ካርባማዜፒን ነው። ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ መድኃኒት በመሆኑ ቤተሰቡ ደንግጦ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ያለ ልክ የሚነሣሣውን ነርቭ እንደሚያረጋጋና ፓራሲታሞልን የመሰሉ ማስታገሻዎች ለዚህ ሕመም እምብዛም የማይረዱት ለምን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱን። በትንሽ መጠን ጀምረው ቀስ በቀስ ጨመሩላት፤ የደም ምርመራ በየጊዜው እንድታደርግ፣ ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ከወጣ ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ፣ መድኃኒቱንም በራሷ ፈቃድ በድንገት እንዳታቋርጥ አስጠነቀቋት። መጀመሪያ ላይ ራሷን ያዞራትና ያንቀላፋት ነበር። ሕመሙ ግን በቀናት ውስጥ ቀለል አለላት፤ አሁን እየበላች፣ እየተጫወተች፣ የልጅ ልጆቿን በሁለቱም ጉንጯ እየሳመች ነው። መድኃኒቱ አንድ ቀን መሥራቱን ቢያቆም የደም ሥሩን ከነርቩ የሚያላቅቅ ቀዶ ሕክምና እንዳለም አውቀናል።

ሁለቱም ሐኪሞች ስማቸው በአደባባይ እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አድራሻቸውን እዚህ አላሰፈርኩም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የጥርስ ራጅ ካላችሁ ያዙ፤ ሕመሙ በየትኛው የፊት ክፍል እንደሚነሣ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይና ምን እንደሚቀሰቅሰውም አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ሁለቱም አስቀድመው የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።