ጀጎልን ከጋይድ ጋር መዞር፦ መስጊዱንና ቤቱን የሚያሳያችሁ ያዙ

የድሬ ሰው ሐረር ሲወጣ ዘመድ ጠይቆ፣ ዕቃ ገዝቶ፣ ፈረስ መጋላ ሻይ ምናምን ጠጥቶ ነው የሚመለሰው፣ ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን የድሮዋን ሐረር፣ ውስጥ ውስጡን ያየ ግን ስንት ሰው አለ? እኔ በቅርቡ እዛው ፈረስ መጋላ ከሚገኙት አስጎብኚዎች አንዱን ይዤ ግማሽ ቀን ዞርኩ፣ አቦ ከልቤ ነው የምመክረው። ልጁ ግንቡ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ጌይ ሲናንም (የሐረሪ ቋንቋ) አማርኛም ኦሮምኛም ስለሚናገር እናቶቹ ሁሉ በራቸውን ይከፍቱለታል።

ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ 16ኛው ክፍለ ዘመን ላይ፣ የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው። ውስጡ 48 ሄክታር ገደማ ነው፣ እዛ ላይ 82 መስጊድ አለ! ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው ተብሎ ነው በዩኔስኮ የተመዘገበው (ጀጎል የዓለም ቅርስ የሆነው 1998 ዓ.ም. ነው)። ትልቁን መስጊድ፣ ጃሚዕን፣ በሁለቱ ሚናራዎቹ ከሩቅ ታውቁታላችሁ፣ ሌሎቹ ግን አብዛኞቹ ትንንሽ የሰፈር መስጊዶች ናቸው፣ ቤት ለቤት ተጣብቀው ስለተሠሩ የሚያሳይ ሰው ከሌለ ግድግዳ ነው ብላችሁ ነው የምታልፏቸው። ፈረስ መጋላ ያለው መድኃኔዓለም ደግሞ ምኒልክ በ1879 ከተማዋን ከያዙ በኋላ የተሠራ ነው።

ለኔ ትልቁ ነገር ጌይ ጋር ነው፣ የሐረሪ ቤት ማለቴ ነው። ስትገቡ ወንበር የለም፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ናቸው ያሉት፣ ነደባ ይባላሉ፣ አምስት ናቸው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፣ አሚር ነደባ የሚባለው ላይ የቤቱ ጌታ ይቀመጥና በሩን እያየ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ያውቃል። ወለሉ ቀይ ነው፣ ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው የጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም ማስታወሻ ነው ይላሉ፣ እኔ ይሄን ስሰማ ዝም ብዬ ነው ያየሁት። ግድግዳው ውስጥ እቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ፣ ከላይ እስከታች ስፌት ተሰቅሏል፣ ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካያችሁ ቤቱ ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ጎን ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ኪርታት ትባላለች፣ የሙሽሮች ናት።

በረንዳ ያላቸው ፎቆች ስታዩ ደግሞ ከ1879 በኋላ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ያመጡት አሠራር ነው፣ ቆንጆ ናቸው ግን ከጥንቱ የሐረሪ ቤት ጋር አይገናኙም።

አንዳንድ ጋይዶች ገበያና ጅብ ሲመገብ ብቻ አሳይተው ይሸኛሉ፣ እንደዛ ከሆነ ብራችሁን አታውጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ውስጥ እንገባለን ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ዋጋም ያኔውኑ ጨርሱ። ጠዋት ሂዱ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይከብዳል። ነደባው ላይ ጫማ አውልቃችሁ ውጡ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት የቤቱን እናት አስፈቅዱ፣ ለሳቸውም ትንሽ ነገር ስጡ፣ ቤቱን በየጊዜው ቀብተው የሚያቆዩት እሳቸው ናቸው።