«ዲስክ ፍሬን አለው» ተብሎ የሚሸጥ ብስክሌት ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን ቴላዮ (የብስክሌቱን አጽም) ተመልከቱ

በድሬዳዋ ያገለገለ ብስክሌት ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ፦ ዲስክ ፍሬን (ከጎማው መሐል ያለ ክብ ብረት ይዞ የሚያቆም) አላቸው እየተባሉ ከሌሎቹ በበለጠ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል አንዳንዶቹ፣ ፋብሪካው ለዲስክ ያልሠራቸውና ፍሬኑ በኋላ እዚሁ የተገጠመባቸው ናቸው። ሻጩ የሚያሳያችሁ የሚያብረቀርቀውን ዲስክ ነው። እናንተ ግን ከኮርቻው ሥር ተነሥተው ወደ ኋላው ጎማ ሞዞ (ጎማው ወደሚዞርበት መሐል) ከሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በተለይ የግራውን መርምሩ።

ቸርኬውን (ጎማው የሚገጠምበትን ቀለበት) ከግራና ከቀኝ የሚይዘው የቀድሞው ፍሬን ጫናውን ለሁለቱም ቱቦዎች ያካፍላል፤ የሚይዘውም ከጎማው መሐል ርቆ ስለሆነ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ዲስክ ፍሬን ግን ኃይሉን በሙሉ የሚያሳርፈው በግራው በኩል፣ ከሞዞው አጠገብ ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። በ26 ኢንች ጎማ ላይ 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ቢገጠም፣ ብስክሌቱን በእኩል ፍጥነት ለማቆም ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚጨምቀው ክፍል) ከቸርኬ ፍሬን ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል መያዝ አለበት። ስለዚህ ለዲስክ የታሰበ ቴላዮ ከፋብሪካው ሲወጣ የካሊፐር መያዣው አብሮት የተበየደ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹም እንደ ዓይነቱ 51 ወይም 74 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ካለው አግድም ቱቦ ጋር የሚያያይዝ ማጠናከሪያ ይደረግለታል። በአዳዲሶቹ ላይ መያዣው ጭራሽ ወደ አግድሙ ቱቦ ወርዷል።

እዚህ ዲስኩን በኋላ ለመግጠም የሚሠራው መያዣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቡሎን ቱቦውን አቅፎ የሚጠብቅ ብረት ሲሆን፣ ሲላላ ይሽከረከራል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ቱቦውን ያጎብጣል፤ የካርቦን ቴላዮ ከሆነማ ፈጽሞ አይሞከርም። ሁለተኛውና የባሰው ብየዳ ነው፤ አሉሚኒየም ቴላዮ በፋብሪካ በሙቀት ጠንክሮ የወጣ በመሆኑ፣ እንደገና የተበየደበት አካባቢ ይለሰልሳል። አንድ የሠፈሬ ወጣት የገዛው ብስክሌት ብየዳው ዙሪያውን ተሰንጥቆ ሻጩ ዘንድ ቢወስደው፣ የተሰጠው መልስ «አይተህ ነው የገዛኸው» የሚል ነበር። በከዚራ ሠፈር ለጥ ያለ መንገድ ላይ ይህ ጉድለት ላይታወቅ ይችላል፤ ከደንገጎ ወደ ድሬ ቁልቁል ሲወረድ ግን ጨዋታ አይደለም።

መያዣው ዙሪያ ያለው ቀለም ከሌላው የቴላዮ ክፍል ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን በቀን ብርሃን እዩ፤ አዲስ ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ካለ ብየዳ ተሸፍኗል ብላችሁ ጠርጥሩ። የቀድሞው ፍሬን መትከያዎች ከላይ መኖራቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፋብሪካዎች ሁለቱንም አድርገው የሠሯቸው ቴላዮዎች አሉና። ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁና እነዚያ መትከያዎች ካልተቆረጡ፣ ዲስኩን አስፈትታችሁ የቸርኬውን ፍሬን አስገጥሙ፤ ቱቦው ከተሰነጠቀ ግን ደግማችሁ አታስበይዱት፣ አትንዱትም።