ስሜን ስትወጡ ስለ ቆሻሻውም ተዋዋሉ

ከሜሪላንድ ለእረፍት ገብተን ከቤተሰብ ጋር ስሜን ተራሮችን አየን። ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ብዬ የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች ላካፍላችሁ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ደህና ነው፣ ሹፌራችንም ጥንቁቅ ሰው ነበር። የመንገዱን ጸጥታ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ከአካባቢው ሰው አጣሩ። ደባርቅ ላይ የፓርኩን መግቢያ ትከፍላላችሁ። አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ጫኝም እዚያው ታገኛላችሁ።

አስጎብኚያችንን ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ጭላዳ ሣር ግጦ የሚኖር እንስሳ መሆኑን ለልጆቹ ሲያስረዳ፣ ብስኩት እንዳይወረውሩለትም አጥብቆ ነገራቸው። ምግብ አብሳዩ ደግሞ 3,000 ሜትር አልፎ በዚያ ብርድ ትኩስ ሽሮ ያቀርባል። እጁ ይባረክ!

ያዘንኩት በቆሻሻው ነው። ካደርንባቸው ካምፖች በአንዱ፣ ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ጉድጓድ አለ። ግማሹ የተቃጠለ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የሰርዲን ጣሳ፣ ፌስታል፣ ሶፍት፣ ባትሪ ድንጋይ ሞልቶበታል። ቁራዎቹ እየጎተቱ ያወጡታል፣ ንፋሱ ገደሉ ውስጥ ይበትነዋል። ገደል የገባ ፌስታል ማን ወርዶ ያነሳዋል? በዚያ ብርድ የብርቱካን ልጣጭ እንኳ ቶሎ አይበሰብስም። ላስቲኩማ የልጅ ልጆቻችንን ይጠብቃል። ዝናብ ሲመጣ የጉድጓዱ እጣቢ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ገበሬ ከዚያው ነው የሚቀዳው። ይህ ቦታ እኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ዋልያ የሚኖርበት ብቸኛ አገር ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ገና በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። ግን የቆሻሻ መኪና እዚያ ካምፕ ድረስ አይመጣም። የሚመጣው በቅሎ ነው። በቅሎዋ ደግሞ ስትወጣ ዱቄት፣ ውሃና ድንች ተጭና ነው፤ ስትመለስ ጭነቷ ቀሏል። ታዲያ የወጣው ለምን አይወርድም?

ጫኙን ጠየቅኩት። «ማዳበሪያ ካለ እጭነዋለሁ፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ከምግብ አብሳዩ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ተቀበልን። ልጆቹ ጠርሙሶቹን በእግራቸው እየጨፈለቁ ሞሉት፣ ጣሳውን ለብቻ አደረግን። ለጫኙ ከተዋዋልነው በላይ ጨመርንለት፤ ይገባዋልም። ጠርሙሱን ጎንደር ድረስ በመኪናችን ወስደን ለቆራሌ ሰጠነው፤ ደስ ብሎት ተቀበለን።

ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገሩ ቆሻሻ ማውረድን እንደ አንድ አገልግሎት አንሱት፤ ክፍያውንም ቁረጡለት። ሁለት ጠንካራ ማዳበሪያ ከጎንደር ገዝታችሁ ያዙ። የታሸገ ውሃ በካርቶን ከመጫን የውሃ ማጣሪያ ከውጭ ይዛችሁ ግቡ፤ ወይም ምግብ አብሳዩ ማታ ውሃ አፍልቶ ያሳድርላችሁ። የሕፃን ዳይፐርና የሴቶች ሞዴስ ጉድጓድ አይጣል፣ እሱም በማዳበሪያው ይውረድ። አስጎብኚያችሁ «እዚሁ እናቃጥለዋለን» ካላችሁ እሺ አትበሉ። ከፋዮቹ እናንተ ናችሁና ይሰማችኋል።